ተማሪው ሲረዳና ሳይረዳ፤ እንግሊዝኛ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አልፎ ወደ ዘጠነኛ ክፍል ሲዛወር ግቢውም መምህራኑም ይለወጡበታል። ከሁሉ የሚከብደው ለውጥ ግን በዓይን የማይታየው ነው፤ ይኸውም የሚማርበት ቋንቋ ነው። እስከ ሰኔ ድረስ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሶማሊኛ ሲያሰላው የነበረውን ክፍልፋይ፣ ሲዘረዝረው የነበረውን የዕፅዋት ሥርና ግንድ፣ በመስከረም በእንግሊዝኛ አስቦ በእንግሊዝኛ እንዲመልስ ይጠየቃል። በመካከሉ ያለው የመዘጋጃ ጊዜ ክረምቱ ብቻ ነው።

እርግጥ ነው፣ ተማሪው እንግሊዝኛን ከታችኛው ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ተምሮታል። ይሁን እንጂ አንድን ቋንቋ መማርና በዚያ ቋንቋ ሌላ ትምህርት መማር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ገበያና ስለ ቤተ ሰብ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ያናግረው ይሆናል። ሁለተኛው ግን ስለ ኤሌክትሪክ ፍሰት የተጻፈ ገጽ አንብቦ ዋናውን ነገር ከዝርዝሩ እንዲለይ፣ ያልገባውን እንዲጠይቅ፣ የገባውንም በጽሑፍ እንዲያስረዳ ይፈልግበታል። ተማሪው በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት እንዴት ተሻገረው? ማንስ ረዳው? ጥያቄው ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ታሪክ ሁሉ ይከተላል፤ መልሱም በየዘመኑ ተለዋውጧል።

ነገሩ ለቋንቋ መምህራን ብቻ የሚተው አይደለም። በአገሪቱ የምሕንድስና ትምህርት ከመጀመሪያው አንሥቶ የተሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ከንድፍ ጠረጴዛው ፊት የደረሰው ሁሉ በዚህ በር ያለፈ ነው። በሩ ላይ የቀረውን ግን ማንም አልቆጠረውም።

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት የውጭ ቋንቋ የመማሪያ መሣሪያ ሳይሆን ራሱ ትምህርቱ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከግብፅ የመጡት የቅብጥ መምህራን ፈረንሳይኛን፣ እንግሊዝኛንና ሌሎችንም ቋንቋዎች ያስተምሩ የነበረው፣ መንግሥት ከውጭ አገር መልክተኞችና ነጋዴዎች ጋር ለሚያደርገው ግንኙነት አስተርጓሚና ጸሐፊ ያስፈልገው ስለነበረ ነው። በሚያዝያ ወር 1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ከዚሁ መንፈስ ብዙ አልራቀም። በዚያ ዘመን ቀዳሚውን ስፍራ የያዘው ፈረንሳይኛ ነበር፤ የጅቡቲ ምድር ባቡር በፈረንሳይኛ ይሠራ ነበርና፣ የዲፕሎማሲውም ዓለም በፈረንሳይኛ ይጻጻፍ ነበርና።

የፋሽስት ኢጣልያ ወረራ ይህን ጅምር አቋረጠው። ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላም ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ተገደሉ። ወራሪው ለኢትዮጵያውያን ያቋቋማቸው ጥቂት ትምህርት ቤቶች ከዝቅተኛ ደረጃ በላይ ለማድረስ የታሰቡ አልነበሩም። ኢጣልያንኛ ግን በሌላ በር ገባ። መንገድና ድልድይ በሚሠራበት ቦታ፣ በጋራዡና በግንበኛው ዘንድ፣ ሠራተኛው በጆሮው እየሰማ የያዛቸው ቃላት እስከ ዛሬ ድረስ ሥራ ላይ ናቸው፤ ፌሮ፣ አርማታ፣ ባሬላ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ካምቢዮ፣ ጣውላ። አንዱም በክፍል ውስጥ የተጠና አይደለም። ቃሉና ዕቃው አብረው በእጅ ስለተያዙ ግን የሚረሳቸው የለም፤ አንዱን ከሌላው የሚያምታታም አይገኝም። በኋላ የመጣው የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ በአብዛኛው የዚህ ተቃራኒ ሆነ፤ ቃሉ ያለ ዕቃው ተያዘ። የግንበኛ ልጅ አባቱ ዘወትር «ፌሮ» እያለ የሚጠራውን ብረት በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ በሌላ ስም ሲያገኘው ከቶ አይቶት የማያውቀው ነገር የሚመስለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ምርጫው ወደ እንግሊዝኛ ያዘነበለው በብዙ ምክንያት ነበር። የብሪታንያ ጦርና አማካሪዎች በአገሪቱ ውስጥ ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ የስደት ዘመናቸውን ያሳለፉት በእንግሊዝ አገር ነበር፤ መጽሐፍና መምህር በቶሎ ሊገኝ የሚችለውም ከዚያው ወገን ነበር። ለሁለተኛ ደረጃ የሚሆን በአማርኛ የተዘጋጀ የፊዚክስም ሆነ የአልጀብራ መጽሐፍ በእጅ አልነበረም። ውሳኔው በጊዜው በነበረው ሁኔታ ሲመዘን አስተዋይነት የጎደለው ነው ለማለት አያስደፍርም። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የተወሰነው በመቶ ለሚቆጠሩ ተማሪዎች መሆኑ ነው።

በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ጥቂት ዘግየት ብሎም በብሪቲሽ ካውንስል አማካይነት የተመራው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት፣ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም በ1930ዎቹ መጨረሻ በካናዳ ኢየሱሳውያን አመራር ሥር ሆነ። በነዚህ ግቢዎች ተማሪው እንግሊዝኛን የሚሰማው በቀን በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ አልነበረም። ከመምህራኑ ብዙዎቹ አማርኛ የማይችሉ ስለነበሩ ሒሳቡም፣ እግር ኳሱም፣ ተግሣጹም በእንግሊዝኛ ነበር፤ ተማሪው ታምሜአለሁ ብሎ ፈቃድ ለመጠየቅ እንኳ ቋንቋው ያስፈልገዋል። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ክርክር አለ፤ ቲያትር አለ፤ የቤተ መጻሕፍት ሰዓት አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የድርሰት ደብተር ነበረ። ተማሪው ጽፎ ያስረክባል፤ መምህሩ በቀይ ቀለም አርሞ ይመልስለታል፤ ተማሪው ስሕተቱን አይቶ እንደገና ይጽፈዋል። ሠላሳ ደብተር ማረም አንድ መምህር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ የሚጨርሰው ሥራ ነው።

የዚያን ዘመን ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ችሎታ የሚያደንቁ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ምስጢሩን የሚፈልጉት በመምህሩ ትውልድ አገር ነው። የእንግሊዝ ሰው ስላስተማራቸው ነው ይላሉ። ነገሩ ግን ከዚህ ይልቅ የጊዜና የቁጥር ጉዳይ ነበር። ተማሪው በቋንቋው የሚኖርበት ሰዓት ብዙ ነበር፤ ስሕተቱንም አይቶ የሚመልስለት ሰው ነበረው። ይህ ሁሉ ያለ ኪሣራ አልተገኘም። ልጁ ከወላጆቹና ከአገሩ ልጆች ርቆ አደገ፤ በእንግሊዝኛ የተማረውን ነገር ለገዛ እናቱ በአማርኛ ማስረዳት የሚቸግረው የተማረ ሰው መታየት የጀመረውም ከዚያን ጊዜ ወዲህ ነው። ለጥቂቶች ብቻ ሊሆን የሚችል እርዳታም ነበር። የአንዱን አዳሪ ተማሪ ምግብና መኝታ የሚችለው በጀት በየአውራጃው ሊባዛ አይችልም።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ፣ በ1945 ዓ.ም. የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ፣ ከዚያም የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ሲከፈቱ ተማሪዎቻቸውን የተቀበሉት ከነዚሁ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ነበር። ስለሆነም የቋንቋው ጉዳይ ችግር ሆኖ ብዙ አልታየም። ምሰሶው ሳይታይ ጣራው ቆሞ ነበር።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው ትምህርት ቤቶች በየጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተሞች፣ በደሴ፣ በጎንደር፣ በሐረር፣ በጅማ፣ በደብረ ማርቆስ፣ እየበረከቱ ሲሄዱ ነው። ለነዚህ ሁሉ የሚበቃ መምህር አልነበረም። ክፍተቱን በከፊል የሞሉት ከሕንድ የመጡ መምህራን ናቸው። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መግቢያ ላይ ደግሞ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት በአንድ ጊዜ ደረሱ፤ አብዛኞቹም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። ብዙዎቹ ከኮሌጅ ከወጡ ብዙ ያልቆዩ ወጣቶች ስለነበሩ በማስተማር ሙያ የጠለቀ ልምድ አልነበራቸውም። ነገር ግን በከተማይቱ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ተማሪው ቤታቸው ሄዶ መጽሐፍ ይዋሳል፣ ይጠይቃል፣ ይከራከራል። አዳሪ ትምህርት ቤቱ በግቢ ያደረገውን እነርሱ በጥቂቱም ቢሆን በሰፈር አደረጉት።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርስቲ አገልግሎት ከዚህ የበለጠ ሊነገርለት የሚገባ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ለአንድ ዓመት አቋርጠው ወደ ክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች እንዲሄዱ ተደረገ፤ የምሕንድስና ተማሪዎችም እንደ ሌሎቹ ሒሳብና ሳይንስ ለማስተማር ተሰማሩ። እነዚህ ወጣቶች የውጭ አገሩ መምህር የሌለው አንድ ነገር ነበራቸው። ተማሪው የቆመበትን ቦታ ያውቁት ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ራሳቸው እዚያው ላይ ቆመው ነበርና። አንድ የፊዚክስ ሕግ በእንግሊዝኛ ተነግሮ ክፍሉ ዝም ሲል፣ በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርገው ወደ እንግሊዝኛው ይመለሱ ነበር። ይህ አሠራር በመመሪያ አልተጻፈም፤ እንዲያውም በየጊዜው እንደ ጉድለት ሲነቀፍ ኖሯል። ተማሪውን ከረዱት ነገሮች ግን አንዱ እርሱ ነው።

በዚያው በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ የመላው አንደኛ ደረጃ መማሪያ ቋንቋ ሆነ። ቀደም ሲል እንግሊዝኛ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ክፍሎች በኋላ መማሪያ ይሆን ነበር። አሁን ግን ሽግግሩ ወደ ሰባተኛ ክፍል ዘለቀ። አማርኛ የአፍ መፍቻው ለሆነው ሕፃን እርምጃው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ላልሆነው ግን ሁለት ቋንቋ ተሻግሮ ወደ ሦስተኛው የሚደርስበት መንገድ ሆነ። ለሁለቱም ቢሆን ድልድዩ አልተሠራም። እንግሊዝኛ እንደ ትምህርት ዓይነት መሰጠቱን ቀጠለ፤ መጻሕፍቱ ግን ስለ ዕለት ኑሮ እንጂ ሰባተኛ ክፍል ላይ ስለሚጠብቀው ስለ ሳይንስና ስለ ጂኦግራፊ ቋንቋ ብዙም አያወሩም ነበር።

ይህ የሳይንስ ቋንቋ ምን ያህል የራቀ እንደሆነ ለማየት «ኃይል» የሚለውን ቃል ማንሣት ይበቃል። በሬ ኃይል አለው፤ ሞተር ኃይል አለው፤ ጎርፍ ኃይል አለው፤ አምፖሉን የሚያበራውም መብራት ኃይል ነው። በዕለት ንግግር «ኃይል» እና «ጉልበት» የሚሉት ሁለት ቃላት የሚሸፍኑትን መስክ የፊዚክስ መጽሐፍ ፎርስ፣ ኤነርጂ፣ ፓወር ብሎ ይከፋፍለዋል፤ እያንዳንዱም የራሱ መለኪያ አለው። «ፍጥነት» የሚለው ቃልም እንዲሁ ስፒድና ቬሎሲቲ ተብሎ ይከፈላል። ተማሪው እንግሊዝኛውን ቃል ከመዝገበ ቃላት ፈልጎ አማርኛውን ሲያገኝ የተረዳ ይመስለዋል፤ ያገኘው ግን ሦስቱንም የሚያቀልጥ አንድ ቃል ነው። ስሌቱ ሲሳሳትበት ሒሳብ አይችልም ይባላል።

ከስሞቹ ይልቅ ደግሞ ትንንሾቹ ቃላት የከፉ ናቸው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ሰሚው እስከዚያ ድረስ በትዕግሥት ይጠብቃል። እንግሊዝኛው ግን ዋናውን ግሥ ቀድሞ ይናገርና ሁኔታውን፣ ገደቡን፣ ምክንያቱን ከኋላ ያስከትላል። አማርኛ በግሡ ላይ በምትጨመር በአንዲት «ካል» የሚናገረውን ሁኔታ እንግሊዝኛ «አንለስ» በምትባል አንዲት ነጠላ ቃል ይሸከማታል። ያችን ቃል የዘለለ ተማሪ የጥያቄውን ተቃራኒ ይሠራል። የሒሳብ መምህራን ደግሞ ይህን የቋንቋ መምህሩ ሥራ ነው ብለው ይተዉታል፤ የቋንቋ መምህሩም በበኩሉ «አንለስ»ን የሚያስተምረው ዝናብ ካልዘነበ ሽርሽር እንሄዳለን በሚል ምሳሌ ነው። በሁለቱ መካከል ጥያቄው ባለቤት አጣ። «እስኩል» ብሎ በሚናገር ልጅ ላይ መሳቅ ግን ባለቤት አላጣም፤ በዚህ ሳቅ ምክንያት ለዘለዓለም አፉን የዘጋ ተማሪ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። በአማርኛ ቃና የተነገረ እንግሊዝኛ የማንንም ድልድይ አላፈረሰም።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ሁኔታው ፈጥኖ ተለወጠ። በ1967 ዓ.ም. ተማሪዎችና መምህራን ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተሰማሩ፤ የሰላም ጓድ በ1969 ዓ.ም. ከአገር ወጣ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ማንኛውንም ትምህርት ሊሸከሙ እንደሚችሉ ብዙ ተነገረ። ይሁን እንጂ መሬትንና ትርፍ ቤትን የወረሰው አብዮት የሁለተኛ ደረጃውን እንግሊዝኛ ሳይነካው አለፈ። ከሰባተኛ ክፍል በላይ ያለው ትምህርት እንደ ቀድሞው በእንግሊዝኛ ቀጠለ፤ የተለወጠው የተማሪው ብዛት ነው። ትምህርት ቤቶች በሁለት ፈረቃ መሥራት ጀመሩ፤ በአንድ ክፍል ሰማኒያና ከዚያም በላይ ተማሪ መታየቱ የተለመደ ሆነ።

ቁጥሩን በመጠኑ ማስላት ይቻላል። አምስት ክፍሎች የሚያስተምር አንድ የእንግሊዝኛ መምህር በየክፍሉ ሰማኒያ ተማሪ ካለው አራት መቶ ድርሰት ይቀርብለታል። ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ብቻ ቢመድብ ሃያ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ይህም ከማስተማሪያ ሰዓቱ ውጭ ነው። ስለዚህ ድርሰቱ ቀረ። በምትኩ የመጣው የምርጫ ጥያቄ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የመልቀቂያ ፈተናም በምርጫ ጥያቄ የተሞላ ስለነበረ፣ መምህሩ ለፈተናው አላዘጋጀም ተብሎ የሚወቀስበት ምክንያት አልነበረም። ሆኖም አንድ ተማሪ ስድስት ዓመት በእንግሊዝኛ ተምሮ አንድም ሙሉ አንቀጽ ሳይጽፍ ሊጨርስ የሚችልበት ጊዜ መጣ።

በ1978 ዓ.ም. በአንድ የውጭ ባለሙያ ተዘጋጅቶ ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ ጥናት በክፍል ውስጥ ያለውን እውነት በግልጽ አወጣው። ተማሪዎቹ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ለመከታተል የሚያስችል የቋንቋ ችሎታ የላቸውም፤ ቋንቋው ዕውቀት የሚተላለፍበት መንገድ መሆኑ ቀርቶ ዕውቀትን የሚያግድ ሆኗል የሚል ፍሬ ነገር ያለው ነበር። መምህሩ ማስታወሻ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ ማብራሪያው ሲያስፈልግ በአማርኛ ይሰጣል፤ ፈተናው ሲደርስ የተገለበጠው ይሸመደዳል። ይህ ለማንም መምህር አዲስ ነገር አልነበረም። አዲሱ ነገር በወረቀት መጻፉ ነው።

በዚያን ጊዜ ሁለት ወገን ክርክር ነበር፤ ዛሬም አልተዘጋም። አንደኛው ወገን አማርኛ ወይም ሌሎች የአገር ቋንቋዎች እስከ ላይኛው ደረጃ መማሪያ ይሁኑ ይላል። የቋንቋዎች አካዳሚም የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን በአማርኛ ለማዘጋጀት የደከመው ይህን ዕድል ለመክፈት ነው። ሁለተኛው ወገን መጽሐፉም፣ መጽሔቱም፣ የማሽኑም መመሪያ በእንግሊዝኛ ሳለ በሩን መዝጋት ጉዳት ነው ይላል። የሁለቱም አነጋገር እውነት አለበት። የሁለቱም ጉድለት ግን ክርክሩ በሚካሄድበት ዘመን ሁሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቀውን ተማሪ መርሳታቸው ነው። ቋንቋው ይቀየርም አይቀየርም፣ ያ ልጅ በዚያው ዓመት መረዳት ነበረበት።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደነገገ፤ እንግሊዝኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ወሰነ። በኦሮሚያ፣ በትግራይና በሶማሌ ክልሎች እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ትምህርቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሆነ፤ አዲስ አበባ ግን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረች። ብዙ ወላጆች እንግሊዝኛ ቀድሞ የጀመረ ልጅ ይበልጣል ብለው ያምኑ ነበር፤ ዛሬም ያምናሉ። በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ ሰፊ ጥናት ያገኘው ግን ሌላ ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ስምንት ዓመት ሙሉ የተማሩት በስምንተኛ ክፍል ምዘና፣ በተለይም በሒሳብና በሳይንስ፣ በአማካይ የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ነገሩን ያወቀ ልጅ ቃሉን በኋላ ይይዘዋል እንደማለት ነው፤ ፌሮና ባሬላን የያዘው ሠራተኛ ያደረገውም ይህንኑ ነበር። ይሁንና የዘጠነኛ ክፍል ደፍ እንዳለ ቀረ፤ ያለ መሸጋገሪያ የተተወ በመሆኑም ይበልጥ ከፍ አለ።

ለዚህ ደፍ የተሰጠው ትልቁ መልስ የመጣው ከቴክኖሎጂ በኩል ነው። በ1997 ዓ.ም. ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለው ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰራጨት ጀመረ። ተማሪዎች ባንድ ቃል «ፕላዝማ» አሉት። በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸው ትምህርት ከሳተላይት ይወርዳል፤ በትምህርት ቤቱ ግቢ የተተከለው ዲሽ ይቀበለዋል፤ በየክፍሉ በብረት ሣጥን ውስጥ የተቆለፈው ስክሪን ያሳየዋል፤ የመሥመር መብራት ባልደረሰበት ቦታ ጀነሬተር ያንቀሳቅሰዋል። እንደ ምሕንድስና ሥራ ሲታይ የሚናቅ አልነበረም። የፊዚክስ መምህር አግኝቶ የማያውቅ የገጠር ትምህርት ቤት ከአዲስ አበባው ጋር በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት አየ፤ ቤተ ሙከራ የሌለው ተማሪ ሙከራውን ቢያንስ በሥዕል ተመለከተው። ይህን መካድ ተገቢ አይደለም።

ጉድለቱ የነበረው በሌላ ቦታ ነው። ከስክሪኑ የሚነገረው እንግሊዝኛ የሚፈስሰው ቋንቋው ለሰለጠነለት ሰው በሚሆን ፍጥነት፣ ለተማሪው ጆሮ እንግዳ በሆነ አነጋገር ነበር። ስርጭቱ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚለቀቅ ስለሆነ መምህሩ ሊያቆመው፣ ሊመልሰው ወይም ሊያዘገየው አይችልም። ከአንዱ ክፍለ ጊዜ አብዛኛው የስክሪኑ ነው፤ ለመምህሩ በመግቢያና በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃዎች ይቀሩለታል። በስክሪኑ ላይ ያለችው አስተማሪ ጥያቄ ታቀርባለች፤ ጥቂት ትጠብቃለች፤ መልሱን ተናግራ ታልፋለች። የተመለሰም ያልተመለሰም ለእርስዋ አንድ ነው። በሙያው ቋንቋ ግብረ መልስ የሌለው ሥርዓት የሚባለው ይህ ነው፤ ወጪውን የሚለካ መሣሪያ ስለሌለው ግቤቱን የሚያስተካክልበት መንገድ የለውም። የ1935 ዓ.ም. የቀይ ቀለም ደብተር ይህን ያደርግ ነበር።

በጊዜው ብዙ መምህራን የታዘቡት አንድ ነገር አለ። መብራት በጠፋ ቀን ክፍሉ ይነቃ ነበር። ስክሪኑ ጨለማ ሲሆን መምህሩ ጠመኔውን አንሥቶ ያለፈውን ትምህርት በዝግታ፣ ግማሹን በአገር ቋንቋ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ እያደረገ ያስረዳል፤ ተማሪውም እጁን ያወጣል። የሳተላይቱ ሥርዓት እየዋለ ሲያድር ተዳከመ፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች ሣጥኖቹ በየግድግዳው ላይ ባዶ ቀሩ።

ከፕላዝማው ጋር በአንድ ዘመን ሌላ ብዙ ያልተወራለት ሥራ ተጀምሮ ነበር። የመምህራንን የእንግሊዝኛ ችሎታ ለማሻሻል የወጣው መርሐ ግብር መምህራንን በየአካባቢያቸው እየሰበሰበ በቋንቋውና በማስተማሪያ ዘዴው ያሠለጥን ነበር፤ ዩኒቨርስቲዎችም የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ማእከሎችን አቋቋሙ። ሥራው ለዓይን የሚማርክ አልነበረም፤ ሪባን የሚቆረጥለትም ነገር የለውም። መነሻው ግን ትክክል ነበር። በቋንቋው የማይተማመን የኬሚስትሪ መምህር ከመጽሐፉ ቃል ፈቀቅ ለማለት ይፈራል፤ ፈቀቅ ካላለ ደግሞ ማስረዳት አይችልም። የሥልጠናው ሰዓት አጭር መሆኑና የሠለጠነው መምህር ተመልሶ እዚያው ሰማኒያ ተማሪ ፊት መቆሙ ፍሬውን አሳነሰው።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርስቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በሚቀጥለውም ዓመት ውጤቱ 3.2 በመቶ ነበር። አገሩ ደነገጠ። ኩረጃ መቆሙ፣ የኮሮና ወረርሽኝና ጦርነት ትምህርቱን ማቋረጣቸው፣ የመምህራን ኑሮ መጎሳቆሉ በምክንያትነት ተጠቀሱ፤ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ቋንቋው ግን ከምክንያቶቹ መካከል እምብዛም አልተነሣም። የሒሳቡም፣ የባዮሎጂውም፣ የታሪኩም ጥያቄ በእንግሊዝኛ መቅረቡ እንደ አየር ጠባይ ያለ፣ ማንም የማይጠየቅበት ነገር ሆኖ ታለፈ። ከወደቁት መካከል ነገሩን ሳያውቁ የወደቁትንና ጥያቄውን ሳያነቡ የወደቁትን ለይቶ የሚያሳይ መለኪያ በፈተናው ውስጥ የለም።

ከተቆረጠው ነጥብ በታች ከሆኑት የተወሰኑት ወደ ዩኒቨርስቲ እየገቡ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት እንዲከታተሉ ተደረገ። ከሚማሯቸው አንዱ እንግሊዝኛ ነው። አንቀጽ አንብቦ ዋናውን ነገር ማውጣት፣ ጽፎ ማሳረም፣ የታረመውን እንደገና መጻፍ፤ ኮተቤ ላይ በአራት ዓመት፣ በትንሽ ክፍልና በብዙ ሰዓት ይሠራ የነበረው ሥራ፣ አሁን ለአዋቂ ወጣቶች በጥቂት ወራት እንዲሠራ ተመድቦለታል።